የኳሳችን የኅልፈት ዜና

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ክቡር ደብተር፤ የቡድናችን ብቸኛ ደህና ኳስ ዛሬ በልምምድ ላይ ሳለ በአጥር እሾህ ተወግቶ በድንገት ማረፉን በጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን። ሟች በሕይወት ዘመኑ ከመረብ ይልቅ ከጎል ብረት ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው። ብዙ ልጆችንና አንድ ም/አሰልጣኝ (እኔን) ጥሎ አልፏል።

ኳሱ ሲተነፍስ ልጆቹ ሳቁ። እኔ ድንጋይ አንስቼ የጎሉን ብረት ደበደብኩ። እስኪሰበር። ድንጋዩ ማለቴ ነው።

ካንቻ ቀስ ብሎ መጣ። ተከላካያችን ነው፤ ከልምምድ በኋላ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያራግፍ፣ ግንድ የሚያክል ልጅ።

«ኮቼ፣ ይሄ ሁሉ ለኳስ ነው?»

«ለኳስ ነው!»

ዋናው አሰልጣኝ ጋሽ ኦይቻ ሜዳ ላይ የለም። ሄዷል። የት እንደሄደ አትጠይቀኝ። ሰፈራችን ሲቀላ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያቺን ቃል ሲደጋግማት፣ እኔ ወንበር ሳመላልስ ነበር። ቃሏን አልጽፋትም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ቀትር

ለታሪክ ይመዝገብ። በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ያበቃል። ደም ያሰከረው ሰው እንኳ ይቆማል። ሳር አይታለፍም፤ አለቀ።

ጋሽ ኦይቻ ለዚሁ ብሎ የሜዳውን ቧንቧ ማንም እንዳይጠግነው ይከለክል ነበር። ሜዳው አቧራ፤ ቧንቧው የሚያፈስበት አንደኛው ማዕዘን ግን ጠረጴዛ የምታክል ለምለም ሳር አለችው። ፍየል ከቀረበች ጫማውን አውልቆ ይወረውርባታል። «ይቺ ሁለተኛ ዳኛችን ናት» ይላል። የመጀመሪያውን ዳኛ በየሳምንቱ ይሰድበዋል። ሳሯን ሰድቧት አያውቅም።

ባለፈው ወር ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ ቡድን ጋር ስንጫወት ጠብ ተነሳ። ቡጢ። ካልቾ። ድንጋይ። ጋሼ ሳሩን ነጭቶ መሃል ገባ፣ ተንበረከከ። የኛ ቆሙ። የነሱም ቆሙ። ካንቻ አንዱን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ብሩክ የሚሉት ቁ. 9 አጥቂያቸው ብቻ ሳሩን ዘሎ አለፈ። ለትምህርት የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ካልቾው ለካንቻ የታሰበ ነበር። ያረፈው የሽማግሌው ደረት ላይ።

ከዚያ ሆስፒታል። ከዚያ ድንኳን። ዶ/ሩ ልቡ ቀድሞም ደካማ ነበር አለ። ዶ/ሩ የመታችውን ጫማ አላያትም።

ልጁ «ሽማግሌው የጣሉትን ነገር የሚፈልጉ መስሎኝ ነው» ብሏል አሉ። ይሁን። እሑድ የመታሰቢያ ጨዋታ አለን፣ ከነሱው ጋር። እሱም የሚፈልገው ነገር እንዲኖረው እናደርጋለን። ጥርሱን።

ለካንቻ ትዕዛዝ ሰጠሁ። ቁ. 9፤ ጉልበቱን፤ በመጀመሪያው ኳስ። ካንቻ መሬት መሬት እያየ፣ ጋሼ ቢኖር ይህን ያዝዘኝ ነበር ወይ አለ። ጋሼ የለም አልኩት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ቁጣዬ ዛሬ ጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል። በልቶ አድሯል።

ትዝ አለኝ። ገና ተጫዋች ሳለሁ ዳኛ በቡጢ መታሁ። ቀይ ካርድ ከማየቴ በፊት የጋሼን ጥፊ አየሁ። ከዚያ ምሳ ጋበዘኝ። ከዚያ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ አሸክሞ ከሲቀላ ሴቻ፣ ያንን ዳገት፣ የዳኛው ቤት ድረስ ነዳኝ። እሱ ከኋላ እያፏጨ። «የመታው ይሄ ክንድ አይደል? ይሸከማ!» ዳኛው በር ከፍቶ ሲያየን ሸሸ። በጓሮ በኩል ለምነን አስመለስነው። አሰልጣኝነትን የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ይህ ትዝታ ለነገ ምንም አይጠቅምም። ተሰርዟል።

የካቲት 8፣ እሑድ፣ 11፡00

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል።

ለመታሰቢያው የተጠሩት ፓስተር ስለ ፍቅር ጸለዩ። አሜን አልን። ፊሽካ ተነፋ።

የመጀመሪያው ኳስ ለቁ. 9። ካንቻ እንደ አይሱዙ መጣ። ደረሰ። ኳሱን ብቻ አወጣ! ወደ እኔ እንኳ አላየም።

የማዕዘን ምት ሆነ። ብሩክ ሊመታ ሳሯ ወዳለችበት ማዕዘን ሄደ። በዚህ ጊዜ ም/አሰልጣኙ ራሱን ቀይሮ ገባ። በቆዳ ጫማ። አንድ፣ አፉ ላይ። ሁለት፣ እዚያው። ወደቀ፤ ደረቱ ላይ ወጣሁ። ደም በሸሚዜ። ከኋላዬ ሜዳው በሙሉ ተያያዘ፤ የሰው ጩኸት፣ የወንበር ስብርባሪ፣ ፓስተሩ በመሃል።

ልጁ ክንዴን አልያዘም። በእጁ መሬቱን ይዳብሳል። ሳሩን ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ነቀለና በሁለት እጁ ፊቴ ላይ አቀረበው። መንበርከክ ሲገባው በጀርባው ተንጋሎ።

ቡጢዬ አየር ላይ ነው።

«ማን አስተማረህ?»

«እሳቸው ናቸው... ሆስፒታል። ከሰዓት ከሰዓት እሄድ ነበር።» ደም ተፋ። «ሁለተኛ እንዳልሳሳት ብለው። ሳር ስላልነበረ በጎመን አለማመዱኝ።»

በጎመን! ከሰዓት እኔ ልምምድ ላይ ነበርኩ። ጋሼ አንድም ቀን አልነገረኝም።

«ኮቼ» አለ ካንቻ ከኋላዬ፣ በጣም ቀስ ብሎ፤ «ሳሩ ይታይሃል አይደል?»

ቡጢው የግድ አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት። መሬቱን መታሁ። አጥንቴ ሲጮህ ሰማሁት።

ጠቡ ቆሟል። ሁሉም ያየናል። አንዲት ፍየል መጥታ ከልጁ እጅ ላይ ሳሩን መብላት ጀመረች። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባት። ከዚያ ማልቀስ ያዝኩ። በአንድ ጫማ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ውሳኔዎች። የስፖርት ጽ/ቤቱ እስከ ክረምት አግዶኛል፤ ተገቢ ነው። እስከዚያ ልምምዱን ካንቻ ይመራል። ቧንቧውን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ይተያያል (በሰላም)። የብሩክ ከንፈር ተሰፍቷል፤ የሚኖረው ሴቻ ነው፣ ተከራይቶ። ሙዙ በር ላይ ተዘጋጅቷል፤ ትልቁን ዘለላ ነው የመረጥኩት። በሚያመኝ ክንድ እሸከማለሁ። ከኋላዬ የሚያፏጭ አይኖርም።

ማረሚያ። በየካቲት 3 ማስታወሻ ኳሳችን ማረፉን በጥልቅ ኀዘን መግለጻችን ይታወሳል። ዜናው የተሳሳተ ነው። ኳሱ ጎሚስታ ቤት ተለጥፎ ዛሬ ጠዋት በሥራው ላይ ተገኝቷል። ለተፈጠረው ስህተት ክቡር ደብተርን ይቅርታ እየጠየቅን፣ ዜናው እንደሚከተለው እንዲታረም እናሳስባለን፦ የሞተው ጋሽ ኦይቻ ነው።