የመጨረሻዋ «ፋ» ከየት ፈለሰች? ለፈላስፎች ሿሚ ለአቶ አስረስ

ለተከበሩ አቶ አስረስ ከፈለኝ፣
የ«ሚዛንና አካባቢው የፍልስፍና ወዳጆች» የፌስቡክ ቡድን መሥራችና አድሚን፣ ከኅዳር ወር ወዲህ ደግሞ የፈላስፎች ሿሚና ሻሪ፤
ባሉበት፣ ማለትም ኦንላይን።

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ በተለይም አባላትን የምታስወግደው የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት በሰሞኑ የሥራ ብዛት እንዳትዝል፣ ኔትወርክ በጠፋባቸው ቀናት ባገኘቻት ዕረፍትም እንድትበረታ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ከቡድንዎ መባረሬን ሳይጨምር፣ ደኅና ነኝ።

በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በቡድኑ ውስጥ እንዳልጽፍ ስለ ከለከሉኝ ነው። ጉዳዩን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ቡድናችን በመጪው ጥር፣ በአንድ እሑድ፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ከተማ በሚገኝ አዳራሽ አባላት ጽሑፍ የሚያቀርቡበትን የመጀመሪያ ጉባኤውን ያካሂዳል። አባላት ድምፅ ሰጥተው ከመረጧቸው ሦስት አቅራቢዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ክቡርነትዎ ግን ምርጫው ካለቀ በኋላ «ጽሑፍ የሚያቀርበው ፈላስፋ ብቻ ነው» የሚል ደንብ አወጡ፤ ፈላስፋ ማን እንደ ሆነም ማንንም ሳያማክሩ ወስነው ስሜን ሰረዙት። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ፈላስፋ» የሚለው ቃል «ፈለሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ እንደ ተገኘ፣ ስለዚህም ከተወለደበት ቀዬ ያልፈለሰ ሰው ፈላስፋ ሊባል እንደማይገባው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ቃሉ ጥበብን መውደድ ከሚል የግሪክ ቃል እንደ መጣ የሚናገሩ መዝገበ ቃላት ሁሉ፣ የእርስዎን ልጥፍ ሳያዩ በመታተማቸው ተሳስተው ቀርተዋል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከ«ፈለሰ» የሚወለደው «ፈላሲ» ነው፤ ትርጉሙም ስደተኛ፣ መንገደኛ ነው። ክቡርነትዎ ፈላሲውን ፈላስፋ ሲያደርጉት መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «ፋ» ከየት እንደ ፈለሰች ግን ሳይነግሩን አለፉ። በቴፒ ሞባይል የሚጠግነው አባላችን ሸምሱ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ የጅማው ሚኒባስ በየቀኑ የሚያራግፍልን ፈላስፋ ነው፤ ለቡና ለቀማ የመጣውን ሁሉ የት ልናሳድረው ነው?» ብሎ ቢጽፍ፣ የሣቀውን ሕዝብ ማስወገድ ስላልተቻለዎ ሸምሱን አስወገዱት።

በእኛ ቤት በኩል ደንብዎ ክብር አላመጣም አልልም። አባቴ ከጎጃም የመጡ ስለ ሆኑ ፈላስፋ ሆነዋል፤ እኔ እዚሁ ስለ ተወለድኩ የፈላስፋ ልጅ ሆኜ ቀርቻለሁ። ሹመታቸውን ባበሥራቸው ግን «እኔ የመጣሁት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነው፤ ሰውየው ምን ነክቶታል?» አሉ። ይህ ያስቃል። የማያስቀው ሌላው ነው፤ በደንብዎ መሠረት የቤንችና የሸኮ ሰው በአባቶቹ አገር ላይ ጸንቶ በመኖሩ ብቻ ያለ አንድ ፈላስፋ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ሲጽፉ በማን አገር ተቀምጠው እንደሚጽፉ ልብ ብለው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፤ ጽሑፌን ስለ መረመሩበት ፍጥነት አመሰግናለሁ። በዚህ ኔትወርክ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ ፍርድዎ ደርሶኛል። የጽሑፌ ጥያቄ «ለሞተ ሰው የተገባ ቃል በሕይወት ያለውን ያስራልን?» የሚል ነው። አክስቴ ወይዘሮ ተሾመች፣ ባለቤታቸው ጋሽ ገብረወልድ ሊሞቱ ሲሉ፣ በቡና ማሳቸው መካከል የቆመውን ዋንዛ እንዳያስቆርጡ ቃል ገብተውላቸዋል። ዛሬ ዛፉ አርጅቶ ቅርንጫፉ ቡናው ላይ እየወደቀ ነው፤ ልጆቻቸው «ይቆረጥ» ይላሉ፤ እርሳቸው ደግሞ «ከቃሌ የሚፈታኝ ሰው እኮ ሞቷል» ይላሉ። እኔ ከአክስቴ ጋር አልተስማማሁም፤ ማንም ሊፈታው የማይችል ቃል ማንንም አያስርም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ያቆምኩት ክርክር ራሴው ላይ ፈርሶብኝ እንደገና ጀምሬአለሁ። ክቡርነትዎ ቢያነቡት ኖሮ የቀረውን ስንጥቅ ሊያሳዩኝ ይችሉ ነበር፤ በምትኩ «ይህ የመሬት አስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ቀበሌ ይሂዱ» ብለው መከሩኝ። አክስቴ ቀበሌ ሄደው «ለባሌ የገባሁት ቃል ይሰረዝልኝ» ብለው ሲያመለክቱ በየትኛው መስኮት እንደሚሰለፉ ቢጠቁሙን ምክርዎ ሙሉ በሆነ ነበር።

ሦስተኛ፤ ከፀሐይ መግቢያ ፎቶ ሥር የተጻፈ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ፍልስፍና መሆኑን በየማለዳው በተግባር ስላሳዩን አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ የተሻሻለው መርሐ ግብር ሲወጣ ስሜን ፈጽመው ስላልጣሉት አመሰግናለሁ። ከአቅራቢዎች ዝርዝር ቢያወጡትም ከሱሀይላና ከውድነሽ ጋር በመስተንግዶ ኮሚቴ ውስጥ አገኘሁት፤ የቡድናችን ሴቶች በሙሉ፣ አንዳችንም ሳንቀር፣ ውሃ እንድናድል ተመድበናል። በእኔ ቦታ «ፈላስፋ ማን ነው?» በሚል ርእስ ንግግር የሚያደርጉትም ክቡርነትዎ ራስዎ መሆንዎን አነበብኩ፤ መልሱን ከወዲሁ ገምተናል። ቅሬታዬን ባሰማ «እህቴ፣ ቅር አይበልሽ፤ መስተንግዶም እኮ የአገልግሎት ፍልስፍና ነው» አሉኝ። እኔም በትሕትና እንዲህ ብዬ መለስኩ፤ መስተንግዶ ፍልስፍና ከሆነ፣ የተመደብኩበት እኔ ፈላስፋ ነኝ፣ ስለዚህ በደንብዎ መሠረት ጽሑፌን ማቅረብ እችላለሁ፤ ፍልስፍና ካልሆነ ደግሞ አታልለውኛል። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ለመንኩዎ። ሦስተኛውን መረጡና አስወገዱኝ።

ክቡርነትዎ፤ የቃሉን አመጣጥ መሳሳት ይቅር የሚባል ነው፤ ሁላችንም እንሳሳታለን፤ እኔም ነገ የሚያርመኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ፈላስፋ ተብዬ እንድጠራም አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ያለ ስም ለራሴ አልሰጥም፣ ሌላ ሰው ቢሰጠኝም ምክንያቱን እጠይቃለሁ። የተወሰደብኝ ማዕርግ ሳይሆን ተራ ነው። አባላት ተራውን የሰጡኝ ጥያቄዬን ሊሰሙ፣ ቢያሻቸውም ሊያፈርሱብኝ ነው፤ እኔም እንዲያፈርሱብኝ እፈልጋለሁ። የብዙዎችን ድምፅ በአንድ ጣት መሰረዝ በየትኛውም ቋንቋ ጥበብን መውደድ አይባልም።

ስለዚህ በዚያ እሑድ ወደ አዳራሹ እመጣለሁ። ሁለተኛው አቅራቢ ሲጨርስ፣ አባላት በሰጡኝ ተራ፣ ስሜ ቢጠራም ባይጠራም ተነሥቼ አነባለሁ። ከአዳራሽ ሰውን የምታስወግድ አውራ ጣት እስካሁን አልተሠራችም፤ ሊያስወጡኝ ከፈለጉ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ምክንያትዎን በአፍዎ መናገር ይኖርብዎታል። ምናልባት በሕይወትዎ የመጀመሪያው ክርክር ይሆንልዎታል።

ከማያልቅ አክብሮት፣ ከተሟላ ትሕትናና ካልተነበበ የአሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ጋር፣

ህሊና ባዘዘው
በአባላት ድምፅ የተመረጠች፣ በአድሚን ጣት የተሻረች
ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሱሀይላና ውድነሽ ከመስተንግዶ ኮሚቴው መልቀቃቸውን እንዳሳውቅዎ አደራ ብለውኛል፤ በዕለቱ ከእኔ ጋር ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። ውሃውን ማን እንደሚቀዳ የሚወስን አዲስ ደንብ በጊዜ ቢያወጡ መልካም ነው፤ ፈላስፋም ይጠማል።