አባየን ከሪሲቨሩ ሳወጣ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሪሲቨሩ ዛሬም ሁለት ጊዜ በራሱ ጠፋ። ጨርሶ ሳይሞት አባየን ላወጣው ቆርጬ ተነሣሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የደብረ ወርቅ ጥምቀት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እማየ ሪሲቨሩ ላይ በሰካችው ፍላሽ የቀዳችው ነው። የቀዳችው ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው፤ አባየ ከመሪጌቶቹ መካከል ሆኖ ሲያሸበሽብ የሚታየው ግን ደቂቃ አይሞላም። ካረፈ ወዲህ ያቺን ደቂቃ ሳታይ ውላ አታውቅም።

ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ብሰካው አልከፍት አለ። ጥገና ቤት ወስጄ ባሳይ፣ "ይኼ ከቀዳው ሪሲቨር ውጭ አይከፈትም" አሉኝ። ተመልሼ መጣሁና ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍቼ በስልኬ ልቀርጸው ተዘጋጀሁ።

እማየን "አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትይ" አልኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀመጠች። የአባየ ኩታ ከትከሻው ሲንሸራተት ግን አላስቻላትም።

"መሪጌታ፣ ኩታዎን ከፍ ያድርጉት እንጂ፤ ብርዱ ያገኝዎታል!"

እሱም የሰማት ይመስል ኩታውን ሰብሰብ አደረገ።

ተናደድኩባት። እንደገና ቀረጽኩት። ሁለተኛው ላይ ምንም አልተናገረችም፤ ዜማው ጥርት ብሎ ገባ። አባየም ማንም ሳይለው ኩታውን ሰበሰበ።

ስልኬ ሞልቶ ሁለቱንም አልይዝም አለኝ።

"የእኔን ልፍለፋ አጥፊው፤ ኋላ ልጆችሽ ይስቁብኛል" አለችኝ እማየ።

"አጠፋሁት" አልኳት።

ያጠፋሁት እሷ ጸጥ ያለችበትን ነው።