ናሳው ላይ የሸሸግኩብሽ ጥሪ

ውድ ሩሐማ፣

ከአዲስ አበባ ሦስት መስመር ነው የጻፍሽልኝ። «ወንዳፍራሽ የደወለልሽ በኛ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። እማዬ ያረፈችው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመሃሉ ምን ስታደርጊ ነበር?» ሰላምታ የለው፣ ስም የለው።

አትላንታ ዳር፣ ዲኬተር ባቡር ጣቢያው አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ሞተሩን ማጥፋት እንኳ ረስቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መስኮቱን አንኳኩታ «ደህና ነሽ ወይ?» ብትለኝ፣ በእጄ ሂጂ አልኳት። ያንን ሁሉ ሰው ስታጽናና የኖረች ሴት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚተላለፍበት።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማውቀው እናትሽ ያረፉት ወንድምሽ ወንዳፍራሽ ከመደወሉ በፊት መሆኑን ነው። ማን ነገረሽ በይኛ። ማንም። ራሴ ለራሴ ነው የነገርኩት።

ታውቂኛለሽ። አትላንታ ውስጥ መርዶ ሲኖር የእድሩ ዳኛ አቶ ክፍሌ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ገና ሳይነጋ የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬያለሁ። ስሜም በዚሁ ወጥቷል። አምና ማንጎ ረከሰ ብዬ አንድ ካርቶን ተሸክሜ በጠዋት ሄርሜላ ቤት ብሄድ፣ በመስኮት አየችኝና «አባቴ ነው አይደል? አባቴ ነው?» እያለች ወለሉ ላይ ተዘረጋች። «ማንጎ ነው፣ በማርያም ማንጎ ነው» እያልኩ ስምል ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንቺም ይቺን ወሬ በየሄድሽበት እያወራሽ ክረምቱን ሙሉ ስትስቂብኝ ከረምሽ።

ሥራው የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ ሰውየው ብቻውን መሆን አለመሆኑን ትጠይቂያለሽ። ቀጥሎ «ትንሽ አሟቸው ሆስፒታል ገብተዋል» ትያለሽ። የቀረውን በስልክ አትናገሪም። ያኛው ሰውዬም «ሞቱ ወይስ አሉ?» ብሎ አያፋጥጥሽም፤ ገብቶታል። እንዲህ ስንገባባ ነው የኖርነው።

አሁን ወደ አርብ ጠዋት ልመልስሽ። አንቺ የማታውቂው ግማሹ እሱ ነው።

የሽርሽር መርከባችን ባሃማስ፣ ናሳው ወደብ ላይ ቆሟል። አንቺ ሻወር ቤት ውስጥ ሆነሽ ታንጎራጉሪያለሽ። የመርከቡን ዋይፋይ የገዛሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንቺ «ለሦስት ቀን ማን ይፈልገኛል» ብለሽ ስልክሽን ሻንጣሽ ውስጥ ከትተሽው ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያ እረፍትሽ ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላሽ ቀንም ነው። ስልኬ ጠራ። ወንዳፍራሽ ነው።

«መዓዚ፣ ሩሐማ አጠገብሽ ናት?» አለኝ። ድምፁ ሰልሏል።

«ሻወር ገብታለች።»

«ብቻችሁን ናችሁ?»

«ብቻችንን ነን።»

«እማዬን ከትናንት ጀምሮ ትንሽ አሟት፣ ሆስፒታል ይዘናት ገብተናል። እና ሩሐማን…»

«ገባኝ» አልኩት። «በቃ ወንዳፍራሽ፣ ገባኝ። ለሷ አታስብ።»

«አይ፣ ማለቴ…»

«ገባኝ አልኩህ እኮ ወንድሜ። እኔ አለሁ።»

ዘጋሁት። የቀረውን ለመናገር የከበደው መስሎኝ፣ ሸክሙን ያቀለልኩለት መስሎኝ ነው የዘጋሁት። ወዲያው «አይዞህ፣ አብሬያት ነኝ፣ ኔትወርኩ አይመችም» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ለአቶ ክፍሌ ጻፍኩ። ቃሉ ይኸው ስልኬ ላይ አለ፦ «የሩሐማ እናት አርፈዋል። እሁድ ማታ እንገባለን፣ ሰኞ ጠዋት ይሁን።» እሳቸውም «ነፍሳቸውን ይማር፣ እስከዚያ እንዳትሰማ ጠብቂያት» አሉኝ።

ሩሐማ፣ ትናንት መልእክትሽን ካየሁ በኋላ ወንዳፍራሽ ጋ ደውዬ ነበር። «ያን ጊዜ እማዬ ትራስ ተደግፋ ሾርባ እየጠጣች ነበር» አለኝ። አንቺ ፀጉርሽን እያደረቅሽ «ማነው የደወለው?» ስትዪኝ፣ እናትሽ ሾርባ እየጠጡ ነበር። እኔ በቁማቸው ገድያቸው፣ እዚህ አትላንታ፣ ታከር ላይ ለቅሶ ቤቱን አደራጅቼ ጨርሻለሁ።

«ከሥራ ነው» አልኩሽ።

የከተማውን ጉብኝትና የባሕር ዳርቻውን በአንድ ላይ ለሁለታችን ብቻ ያስያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ታስታውሻለሽ፤ ሰሌዳ ከተሸከመ ሰውዬ ኋላ እንደ ተማሪ መሰለፍ አትወጂም። ወደቡ በር ላይ አስጎብኚያችን ሚስስ ሮል ቫኗን ይዛ ጠበቀችን። ያቺ ሴትዮ ወሬዋ አያልቅም፤ መሪዋን በቀኝ ይዛ፣ በመንገዱ ግራ እየነዳች፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ታወራለች።

«እህትማማቾች ናችሁ?»

«ከእህትም በላይ ነን» አልሻት አንቺ።

«እሰይ። መኪናዬ ውስጥ ዋይፋይ አለ፤ ቤተሰብ የምታገኙ ከሆነ ኮዱን ልስጣችሁ።»

«እረፍት ላይ ነን፣ አንፈልግም» አልኩ እኔ። አንቺ «አቤት መቆፍጠን» ብለሽ በክርንሽ ጎሰምሽኝ።

የንግሥቲቱን ደረጃ ስንወጣ እየቆጠርሽ ነበር። ስልሳ አምስት። ሚስስ ሮል ባሪያ ሆነው የኖሩ ሰዎች ድንጋዩን በእጃቸው ፈልፍለው እንደሠሩት ስትነግረን፣ አንቺ ግድግዳውን በመዳፍሽ ዳሰስሽው። እኔ ኋላ ቀረት አልኩ። የከተማውን ኔትወርክ አግኝቶ ስልኬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንዳፍራሽ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋሁበት። ከዚያ የድምፅ መልእክት ላከ፤ አርባ አንድ ሴኮንድ። ለቅሶ ነው የሚሆነው ብዬ አልከፈትኩትም። ያንቺን ፊት እያየሁ ለቅሶ መስማት አልቻልኩም።

የገለባ ስፌት የሚሸጥበት ገበያ ስንገባ ደግሞ ሁለት ባርኔጣ አነሳሽ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ።

«ለእማዬ ነው። እስቲ ስልክሽን አምጪ፣ በቪዲዮ ደውዬ ራሷ ትምረጥ።»

«ባትሪው አልቋል» አልኩሽ።

«አሁን ጠዋት ሞልቶ አልነበር እንዴ?»

«ሮሚንጉ በላው።»

«ይህን ስልክ ቀይሪው እንጂ፤ እንዳንቺው አርጅቷል» ብለሽ ሁለቱንም ገዛሽ። ባትሪው ሰማንያ አንድ በመቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ሻጯ ባርኔጣዎቹን ስትጠቀልል፣ እኔ እንዲህ በቀላሉ መዋሸት መቻሌን በልቤ አደነቅኩ። ጥሩ ጓደኛ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ ነበር። ያቺን አንዲት ጥሪ ብሰጥሽ ኖሮ እናትሽ ቢጫውን ይሉሽ ነበር ወይስ ሰማያዊውን፣ አሁን ማን ያውቃል።

ባሕሩ ዳርቻ የደረስነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ሚስስ ሮል ዣንጥላውን ተክላልን መኪናዋ ውስጥ ልትተኛ ሄደች። ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ውሃ ገብተሽ የማታውቂው ሴት፣ ያን ቀን ምን እንደነካሽ እንጃ፣ እስከ ወገብሽ ገባሽ። ከዚያ በጀርባሽ ተኛሽበት።

«መዓዚ፣ ያዘኝ እኮ። ውሃው ያዘኝ» ትያለሽ፤ ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅሽ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ጎን ያሉት ልጆች ሳቁብሽ። አንቺም ሳቅሽ።

ፎቶ አነሳሁሽ። ከመነጽሬ ሥር እያለቀስኩ ነው ያነሳሁሽ። ወጥተሽ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ስትዪኝ «ጸሐዩ ነው» አልኩሽ። ትናንት ፎቶውን ከፍቼ ሰዓቱን አየሁት፤ በናሳው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ማታ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ወንዳፍራሽ ጻፈልኝ፤ «አረፈች። ነገ በአምስት ሰዓት ቀብር።» የማውቀውን የደገመልኝ መሰለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ መለስኩለት። መቼ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ሰኞ ጠዋት ከአቶ ክፍሌ ጋር በርሽን ሳንኳኳ ራስሽ ከፈትሽ። እኔን አየሽኝ፤ ከኋላዬ የቆሙትን አየሽ። «አርብ ታውቂ ነበር» አልሽኝ መጀመሪያ። ከዚያ ነው የጮኽሽው። ማክሰኞ ኤርፖርት ላይ ደግሞ አንገቴ ሥር ገብተሽ «ያቺን አንድ ቀን ስለተውሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አልሽኝ። እኔም እግዜር ከሰጣቸው ሰዎች አንዷ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ትናንት ከሰዓት ልጅሽ ሚካኤላ ጋ ደወልኩ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣

«አንቲ መዓዚ፣ ላይክ… ለምን አልጠየቅሽውም? ዋን ክዌስችን ነው እኮ። ‹በሕይወት አለች?› ማለት ነው።»

«እንደዚያ ተብሎ አይጠየቅም የኔ ልጅ።»

«ማነው ያለው?»

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እንኳ ይሰባበራል። አልተቆጣችኝም ደግሞ፤ «ላንጠልጥልሽ፣ ሚቲንግ አለኝ» ብላ፣ ልዝጋው ማለቷ ነው፣ ስልኩን ስትዘጋ ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁ።

ከዚያ የድምፅ መልእክቱን ከፈትኩት። ወንዳፍራሽ ምናልባት አሰምቶሽ ይሆናል፤ ግን እኔ መስማቴን ከእኔው እወቂ። ለቅሶ የለበትም። ከኋላ የጋሪ ድምፅ ይሰማል፤ አንዲት ነርስ «እማማ፣ ቀስ ብለው» ትላለች። ከዚያ እናትሽ ናቸው።

«መዓዛዬ፣ እኔ ነኝ። ሩሐማ ባሕር ላይ ናት አለኝ ይሄ ልጅ። ደግ አደረጋችሁ። ስትመጣ ስጫት፤ እኔ አልተኛም፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። አደራ፣ ሳትረሺ።»

ለእኔ ነው የላኩት ሩሐማ። ስሜን ጠርተው። እኔ አንቺን ከሞት ወሬ ስጠብቅ፣ እሳቸው አንቺን ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል።

«በመሃሉ ምን ስታደርጊ ነበር?» ላልሽኝ መልሱ ይህ ነው። ሌላ የለኝም። ኔትወርኩ ነው ብል ማንም ያምነኛል፤ ወንዳፍራሽ ራሱ እስከ ትናንት ድረስ ኔትወርኩ መስሎት ነበር። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ዛሬ ጠዋት አቶ ክፍሌ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔም እኮ አላጣራሁም» አሉኝ። «አንቺ አርፈዋል አልሽኝ፣ እኔ ደግሞ ለሠላሳ ሰው ደወልኩ። አንዱ እንኳ መቼ ብሎ አልጠየቀኝም።»

«እርስዎ ከእኔ ነው የሰሙት።»

«የእናንተን ነገር ለእኛ ተዪው ልጄ። ስትመለስ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ። ሩሐማ ሽማግሌ አትመልስም።»

አዎ፣ አትመልሺም። ለዚህ ነው እንቢ ያልኳቸው። ሽማግሌ ሳሎንሽ ገብቶ ከቆመ፣ እንኳን የእኔን የባሰም ቢሆን ይቅር ማለትሽ አይቀርም፤ ሰው ፊት አታሳፍሪም። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ በሰው አስከብቤ ያላሰብሽውን እንዳስደረግኩሽ አሁን ነው የሚታየኝ። ያን አርብም ያለፈቃድሽ ነው የወሰንኩልሽ። ይኸኛውን አንቺ ወስኚው፤ ብቻሽን፣ እስከፈለግሽው ጊዜ ድረስ።

አቶ ክፍሌን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የደወሉላቸውን ሠላሳ ሰዎች ስም እንዲጽፉልኝ ነው፤ ጽፈውልኛል፤ ለእያንዳንዳቸው ደውዬ፣ እናትሽ እማማ በላይነሽ አርብ ጠዋት በሕይወት እንደነበሩና ልጃቸውን ቁጭ ብለው ሲጠብቁ እንደዋሉ እየነገርኩ ነው። ዘጠኝ ጨርሻለሁ። ሦስቱ «ይሁን፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉኝ። አንዷ ዘጋችብኝ። ከዘጠኙ አንዱ፣ ሀብቶም፣ «ታዲያ አሁን ማውራቱ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ሰው ስለ እናትሽ ሞት ሲያወራ ሰዓቱን አሳስቶ እንዳያወራ ይጠቅማል አልኩት።

ከሰዓት አሥረኛዋ ጋ እደውላለሁ። አንቺ ጋ አልደውልም። ስትደውዪ ግን፣ በየትኛውም ሰዓት፣ በስድብም ይሁን፣ አነሳለሁ፤ ተናግረሽ እስክትጨርሺ ድረስም አፌን አልከፍትም።

አፏን ቀድማ የከፈተችብሽ፣
መዓዛ
ታከር፣ ጆርጂያ