የግዛው ጫማ

ጁባ፣ ኅዳር 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአቶ ተክለማርያም፤

አባዬ፣ ሰላምታውን ስላሳጠርኩት እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ናዝሬት ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ስትጽፍ የኖርክ ሰው፣ ልጅህ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ሳትል ወደ ጉዳይ ስትገባ ዝም አትልም። «ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ ክስ ነው!» ስትል ከዚህ ይሰማኛል። ይሁን፣ ክስም ሊሆን ይችላል። ዛሬን ብቻ ታገሰኝ።

ይህን የምታመጣልህ ሉብና ናት። ሆቴሉ ወጥ ቤት የምትሠራው፣ ጉዴሌ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው ልጅ። ነገ ሐሙስ ትበራለች፣ ቅዳሜ ቤትህ ትደርሳለች። ምሳ ሳትበላ እንዳትለቃት። ምንም አትጠይቃት፤ ምን እንደያዘች አታውቅም።

ስለ ኮሌጁ ሁሌ ትጠይቀኛለህ። ከሰዓት በኋላ ከሪሴፕሽን እየወጣሁ የምማረው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ አርብ ያልቃል። የመጨረሻው ሥራ «በዚህ ኮርስ እንደ ጸሐፊ እንዴት አደግሁ?» የሚል ነው። የጻፍነውን ረቂቅ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ አያይዘን፣ ለውጡን እያሳየን ነው የምናስረክበው። ኬንያዊቷ አስተማሪያችን ጎበዝ ናት፤ ቀይ እስክሪብቶዋ ግን አይጣል ነው። መጀመሪያ የጻፍኩላት አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ነበር፤ ሁሉ ሰላም፣ ሁሉ ደህና፣ ሁሉ በእግዚአብሔር ቸርነት። ከግርጌው «ምን አየሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ሁለት ቃል ብቻ! ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ከዚያ ያየሁትን መጻፍ ጀመርኩ።

ያየሁት ይህ ነው። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ግዛው የሚባል የሞጆ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሆቴላችን ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ አርፎ ነበር። ተጫዋች ነው። ቁልፍ በጠየቀኝ ቁጥር «ሞጆና ናዝሬት አንድ ቀበሌ አይደለን እንዴ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ምሳ በልቶ፣ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ጋደም እንዳለ ሦስት ሰዎች መጡ። ውጭ ታርጋ የሌለው ነጭ መኪና ቆሟል። የትኛው ክፍል እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቀጥ ብለው ገቡ። ግዛው በካልሲው፣ በመሀላቸው ሆኖ በፊቴ አለፈ። ቀና ብሎ አየኝና «ጫማዬን» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ተነስቼ ላመጣለት እችል ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። አልተነሳሁም።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ አስረሳሽ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ፈርተው ነው። «ማንም ቢጠይቅሽ በራሱ ፈቃድ ወደ ካምፓላ ሄደ በይ። እኛ እንግዶች ነን ልጄ፤ ያየነውን ሁሉ አናወራም» አሉኝ። የእንግዳ መመዝገቢያውን ገጽ ቀደው ያለ እሱ ስም እንደገና አስጻፉኝ። አንተ ባስተማርከኝ ባማረ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩት። ሚስቱ በዛብሽ ሁለት ጊዜ ደወለች። «እህቴ፣ ደህና ነው ወይ?» አለችኝ። ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነው» አልኳት።

የመጀመሪያው ረቂቄ «አንድ እንግዳ ሆቴሉን ለቀቀ» ይላል። በቀይ፣ «ማን?» ሁለተኛው «አንድ ሹፌር በሰዎች ተወሰደ» ይላል። በቀይ፣ «አንቺ የት ነበርሽ?» ሦስተኛው ላይ ነጩ መኪና ገባ፣ ካልሲው ገባ፣ የግዛው ስም ገባ። አራተኛው ላይ እኔ ገባሁ፤ ከወንበሬ ያልተነሳሁት እኔ። አደግሽ ከተባልኩ ያደግሁት ይኸው ነው። በዚህኛው ላይ አስተማሪዬ ምንም አልጻፈችም። ደብተሩን ስትመልስልኝ በሩን ዘግታ «ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?» አለችኝ። ማንም አላየውም አልኳት። እውነቴን መስሎኝ ነበር።

አሁን ሞኝነቴን ስማ። እንግሊዝኛውን ከመጻፌ በፊት ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የማረቅቀው። ጁባ ላይ የኛን ፊደል ማን ያነበዋል ብዬ ደብተሬን ገልጬ ትቼ እወጣለሁ። አጠገቤ ፒተር የሚባል ዝምተኛ ሰው ይቀመጣል። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ይላል፤ የት እንደሚሠራ የጠየቀው የለም። በጁባ ዐረብኛ «ሰላም ታኪ» ብሎ ሰላም ከማለት ሌላ አነጋግሮኝ አያውቅም። በእረፍት ሰዓት ከሉብና ጋር በስልክ፣ እሱ አጠገቤ እያለ፣ ስለዚያ አረንጓዴ ክራባቱ ስንስቅ ሦስት ወር ሆነን። አንድ ቀን እንኳ ፊቱ አልተለወጠም።

ባለፈው ሐሙስ ትምህርት ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ «እህቴ፣ የጫማውን ነገር ከጽሑፍሽ ብታወጪው ይሻላል» አለኝ።

ለካ ልጅነቱ ጋምቤላ፣ ትምህርቱ አዲስ አበባ ነው። «ይሄ ምክር ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አልኩት እንደምንም። ፈገግ አለና፣ «ክራባቴን ግን አልቀይርም» ብሎኝ ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ሆቴል መጣ። ሻይ አዘዘ፣ ቀስ ብሎ ጠጣ። ሲወጣ ጠረጴዛዬን ተደግፎ፣ «ዘጠኝ ቁጥር አሁንም ባዶ ነው?» አለኝ። አባዬ፣ የክፍሉን ቁጥር በየትኛውም ረቂቅ ላይ አልጻፍኩትም።

ፈርቻለሁ። ሆኖም አርብ አራቱንም አስረክባለሁ፣ ጫማውንም አላወጣሁትም። ብደብቀውስ ምን ይጠቅመኛል? እሱ እንደሆነ አንብቦታል። ደግሞ ለዚያች ሴት ሁለት ጊዜ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአራተኛውን ረቂቅ አማርኛ አስቀምጬልሃለሁ። ሞጆ ሂድና ለበዛብሽ አንብብላት፤ አድራሻዋ ከጀርባው አለ። ሞቷል አትበላት፣ አላውቅም። ደህና ነው አትበላት። ያየሁትን ብቻ አንብብላት፤ እኔ አለመነሳቴን ስትደርስ እንዳትዘላት፣ አደራ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሃለሁ። እትዬ አስረሳሽ አጠገቤ ይሆናሉ፣ ምናልባት ሌላም ሰው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ትንኙ ካማረርኩብህ ደስ ይበልህ፣ ልጅህ ደህና ናት። «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ካልኩህ ግን «ተመስገን» በለኝና ስልኩን ዝጋ። ከዚያ ብዕርህን አንሳና ለራስህ ልጅ ማመልከቻ ጻፍ፤ ለኤምባሲውም፣ ለቀይ መስቀልም፣ ለምታውቀው ሁሉ። ሰላምታ አታስቀድምበት። ከስሜ ጀምር።

ጉልበትህን ያበርታልኝ፣ ዓይንህን ያቆይልኝ። የእማዬ አምላክ እኔንም አንተንም አይለየን።

የምትወድህ ልጅህ
ዝማሬ ተክለማርያም

ይህን ደግሞ ልጨምርልህ። ከሐሙስ ጀምሮ ጫማዬን አድርጌ ነው የምተኛው። ሉብና ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ እግሬን በረደኝ አልኳት፣ በጁባ ሙቀት! ስትስቅብኝ አመሸች። ከነገ ጀምሮ የሚጠይቀኝም የለም።