ሸጋዬ የማትስቀው ጨዋ ሆና አይደለም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለእመት አዛለች፤ ጃናሞራ።

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጠና የሚነሣብዎ ሳልስ ዘንድሮ ተወዎት ወይ? ገብሱ ተወቅቶ ገባ? ቦራዋ ላም ወለደች? እኔ ልጅዎ አለኸኝ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የቤቱን ሁሉ ደኅንነት አንድ በአንድ ሳልጠይቅ አላልፍም ነበር፤ ዛሬ ግን እጄም ልቤም አላረፈ። ይህን የሚያነቡልዎ መሪጌታ ዳኛው ናቸውና፣ መሪጌታ፣ እባክዎ አንድም ቃል ሳይዘሉ ያንብቡላቸው።

የምጽፍልዎ ስለ እኅቴ ስለ ሸጋዬ ነው። ከትናንት በስቲያ በጥምቀት፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ታቦት ስናጅብ፣ ጎረቤታችንን አያ ውድነህን አገኘኋቸው። ለመሬት ክርክራቸው ይግባኝ ሊሉ ጎንደር መጥተው በዓሉን እዚሁ ዋሉ። የሸጋዬን ነገር ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። ያቺ ፍልቅልቅ ልጅ ምን የመሰለች ሸጋ ሙሽራ ሆነች መሰለህ፣ ጥርሷን ያየ ሰው የለም፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና ነው የምትውል አሉኝ። የሙሽራው እናት ሊያዩዋት መጥተው፣ አንገቷን ደፍታ አንዲት ቃል ሳትመልስ ብትቀመጥ፣ እንዲህ ያለች ጨዋ አይቼ አላውቅም ብለው መርቀዋት ሄዱ አሉኝ። እኔ ሞኙም ደስ ብሎኝ ጠጅ ጋበዝኋቸው።

ብርሌው ሳይጋመስ ግን ወሬው እየከፋ ሄደ። ቆሎ መቆርጠም ከተወች ቆይታለች አሉ። የገና ሥጋ እንኳ ሳትቀምስ አለፈች፤ በሶና አጥሚት ብቻ ነው የምትጠጣ፤ ስትተኛም በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ግራ ጉንጯ አብጧል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ምነው እንዲህ ደነገጥህ፣ ለሰርጓ ኅዳር ላይ ድዷን ተነቅሳ የለ፣ የመርፌው እብጠት ነው አሉኝ። ከዚያም የጥርስ ትል ይሆናል ተብሎ በእምቧይ ፍሬ ጭስ እንዳጠናችኋት ነገሩኝ። በመጨረሻ ደግሞ እንደ ምሥራች አድርገው፣ እሳቸው ከመነሣታቸው ከሁለት ቀን በፊት ሕመሙ ተዋት፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች፣ እብጠቱም ከጉንጯ ለቆ ወደ አንገቷ ወረደ አሉኝ። ብርሌዬን አስቀመጥሁ።

እናቴ፣ ንቅሳት ሁለት ወር አያብጥም።

እርስዎን ማስፈራራት አልወድም፤ ዝም ማለት ግን አልችልም። እኔ በሆስፒታሉ ቁስል አጥቤ በፋሻ ከማሰር ያለፈ ዕውቀት የለኝም፤ ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ጥቅምት ላይ ከእንፍራንዝ አንድ ገበሬ በእግሩ መጣ፤ ሞፈር ብቻውን የሚሸከም ጎልማሳ። የበላው አንዲት የተቦረቦረች ጥርስ ናት። እሱም በገባ ዕለት፣ ሕመሙስ ተወኝ፣ አንገቴን ብቻ ነው የከበደኝ ብሎን ነበር። በማግሥቱ ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቶ ምራቁን መዋጥ አቃተው። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ተዘጋ። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ ይህች ጥርስ ከወር በፊት ብትነቀል ኖሮ ያን ዕለት አርሶ ይውል ነበር አለኝ። ሰው በጥርስ ይሞታል ብሎ የነገረኝ ስላልነበረ ለብዙ ቀን አላመንሁም ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በመስከረም የላክሁትን ደብዳቤ ያስታውሳሉ? የሙሽራው ዘመዶች እዚህ ከተማ፣ ልጅቱ ሳቅ ታበዛለች ሲሉ ሰምቼ፣ ሸጋዬ ጥርሷን ትሰብስብ፣ አታዋርደን ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እሷም ታላቅ ወንድሟ ነኝና ሰማችኝ። ሐኪማችን ሕፃን ሲመጣለት ከመሣሪያው በፊት የሚያነሣው ጨዋታ ነው። ልጁ ሲስቅ አፉ ይከፈታል፣ የተበላው ጥርስ፣ የቆሰለው ድድ ሁሉ ይታያል። የሚስቅ ሰው ሕመም አይደብቅም ይላል። ሸጋዬ እንደ ልማዷ እየሳቀች ብትከርም ኖሮ ያቺን ጥርስ እርስዎ ገና በጥቅምት ያዩዋት ነበር። ሳቋን ከለከልሁና ሕመሟን ሸፈንሁላት። ይህ ከልቤ አይወጣም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ደብዳቤው በደረሰ ማግሥት በቃሬዛ ይዛችኋት ወደ ደባርቅ ውጡ። አያ ውድነህ ደብዳቤውን ይዘው ነገ ሐሙስ በማኪና ደባርቅ ይገባሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ቅዳሜ ማታ ይደርሱላችኋል። ለእኔ ዕረፍት የተፈቀደልኝ ከቅዳሜ ጀምሮ ነው፤ እሑድ ደባርቅ እገኛለሁ፤ ባላገኛችሁ ወደ እናንተ መንገድ እቀጥላለሁ። ወጌሻ አይብጣት፤ በጋለ ብረትም አትተኮስ። በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ፣ መዋጥ ካልቻለች ግን በግድ አታጠጧት። ተንጋላ አትተኛ፣ ደገፍ አድርጓት። ሰርጉ ጥር ሃያ አራት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠላው እንደ ተጠነሰሰም ሰምቻለሁ። ጠላው ይደፋ። የሰው አፍ ቢፈሩ በእኔ ያሳብቡ፤ ልጄ ከተማ ገብቶ አበደ ይበሉ።

የቀሩትንም ልጆች አደራ። ጧት ጧት በወይራ መፋቂያ ጥርሳቸውን ይፋቁ፣ በልተው ይጉመጥመጡ፤ እርስዎም እሑድ እሑድ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው አፋቸውን ይዩላቸው። ሲስቁም አይቆጧቸው።

አያ ውድነህ ከቤት የወጡት ጥር ስድስት ነው፤ ያመጡት ወሬ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ደብዳቤው እስኪደርስ ዐሥር ይሞላል። ይህን ሒሳብ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ አይጥመኝም።

ለወንድሜ ለፋንታሁን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ቃሬዛውን የሚሸከሙ ስምንት ጎረምሶች እሱ ይምረጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዳያናውጧት። ለአክስቴ ለለተ ማርያም ጉልበቷን ስሜ እጅ ነሥቻለሁ፤ ለሸጋዬ ስለት ትሳልልን። ለመሪጌታ ዳኛው፣ አንብበው ሲጨርሱ ዳዊት ይድገሙልን። ለጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናችሁ በሉልኝ።

ለሸጋዬ ሰላምታ አልጻፍሁም። ደኅንነቷን ደባርቅ ላይ በአፌ ነው የምጠይቃት። እናቴ፣ እባክዎ የምጠይቃት አድርገው ያምጡልኝ።

ልጅዎ አለኸኝ
ጎንደር፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.