የፕለም ዘር በአፌ ይዤ

መጋቢት 3
ጠዋት የባሕር ቅጠል ስቀቅል ስልክ ጮኸ። አነሳሁ... ዝም። ትንፋሽ ብቻ። "ማነው?" ዝም። የሚቀልድብኝ ሰው መስሎኝ ዘጋሁ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ዘጋሁ። በሦስተኛው ነርስ ተናገረች። ልጄ ኬንሳኩ... መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ። ሞቷል።
መጀመሪያ የደወለችው ለካ እህቱ ሚዋኮ ናት። ስትናገር ምላሷ ስለሚያዝ ስልክ ደውላልኝ አታውቅም፤ ትጽፍልኛለች እንጂ። የወንድሟ ስም አልወጣ ብሏት... እኔ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

መጋቢት 6
አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ እኔና ሚዋኮ አመዱን ይዘን በባቡር ወደ ቤት ተመለስን። የአመዱን ሣጥን እሷ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

መጋቢት 9
ሰባተኛ ቀኑ። የቡድሃ መነኩሴው መጣ፤ ሁላችንም ድምፃችንን አንድ አድርገን ጸሎት ደገምን። ሚዋኮ አንድም ጊዜ አልተያዘችም! እስከ መጨረሻው። ከዚያ ለእንግዶቹ "ሻ... ሻ..." አለች። "ሻይ ልቅዳ ማለቷ ነው" አልኩላቸው። አንገቷን ደፋች። ምን አጠፋሁ?

መጋቢት 17
በልማዳችን ሰው በሞተ በአርባ ዘጠነኛው ቀን ከቤቱ አንድ ሰው ቆሞ እንግዶችን ያመሰግናል። አባቷ የለ፣ ወንድሟ የለ። የባሌ ወንድም ጌንዞ "እኔ እናገራለሁ" አለ።
"እ... እ... እኔ" አለች ሚዋኮ።
"አንቺ? ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ልታስጠብቂን?" ብሎ ሳቀ።
እኔም "አጎትሽ ይናገር፣ ምን አስጨነቀሽ" አልኩ። ተነስታ ወጣች። ለእሷ አስቤ ነው... ነው?

መጋቢት 24
የንግግር ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ። ለካ ሁለት ዓመት ስትመላለስ ኖራለች። ኬንሳኩ ብቻ ነበር የሚያውቀው።
"ልጅ ሳለች እየተቆጣኋት ይሆን የያዛት?" አልኩ።
"አይደለም እናቴ" አለች ሐኪሟ። "የእናት ቁጣ አያመጣውም።"
ሃያ ዓመት የተሸከምኩት... እዚያው ወንበር ላይ ወረደልኝ። አለቀስኩ።
ጸሎቱንስ እንዴት ቻለችው? ከሰው ጋር አንድ ላይ ሲሉት ለብዙዎቹ ይቀልላቸዋል አለች።
"ታዲያ ይድናል?"
"የምንሠራው እየተንተባተበችም ያሰበችውን እንድትል ነው። እርስዎ 'ቀስ በይ' አይበሏት፤ ቃሏንም አይጨርሱላት። ፊቷን እያዩ ይጠብቁ።"
ይህማ ቀላል ነው አልኩ።

መጋቢት 29
ቀላል አይደለም። ዛሬ አምስት ጊዜ ጨረስኩላት።

ሚያዝያ 2
ዘዴ አገኘሁ። በጨው የተዘፈዘፈውን ፕለም በልቼ ዘሩን አልተፋም። ሚዋኮ መናገር ስትጀምር አፌ እንዲያዝ እሱን እመጥጣለሁ።
"እማዬ፣ ጉ... ጉ... ጉንጭሽ አብጧል።"
"ጥርሴን አሞኝ ነው።"
አላመነችኝም። ሳቀች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ።

ሚያዝያ 9
ለጌንዞ ነገርኩት። "የምትናገረው ሚዋኮ ናት።"
"እህት ዓለም፣ በሰው ፊት ልታዋርጂን ነው?"
"ሾርባህን መልሼ አሞቅልሃለሁ" አልኩት።

ሚያዝያ 21
አርባ ዘጠኝ ቀን ሞላ። አመዱን መቃብር አስገባን። ሃያ ሦስት እንግዳ ተቀመጠ። ሚዋኮ ቆመች።
"ወ... ወንድሜ ኬ..." ቃሉ ቆመ። ዝም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጌንዞ አፉን ሲከፍት እጁን ጨመቅሁት። ዘሩን ነከስኩ። የዚያን ቀን የስልኩ ዝምታ ነበር... ያው ትንፋሽ። ዛሬ ግን አልዘጋሁም። ፊቷን አየሁ።
"ኬ... ኬንሳኩ ቃሌን ጨርሶልኝ አያውቅም። ይ... ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ እናንተም ስለጠበቃችሁኝ አ... አመሰግናለሁ።"
ሾርባው በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር። ላሙቅልህ ስለው ጌንዞ እምቢ አለ። ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። "ቀዝቃዛም ይጠጣል ለካ" አለ፤ ዓይኑን እያበሰ።
ዘሩን አሁን ተፋሁት። ልጄን መልሼ አላገኘሁትም፤ ልቤ ግን አረፍ አለ። ሴት ልጄን ሰማኋት።
ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምትገልጥ ሰው ሆይ፣ መዳፎችህን አጋጥመህ ለኬንሳኩ ጸልይለት። ቃሉ አፍህ ላይ ቢያዝብህም አትቸኩል። እሱ መጠበቅ ያውቅበታል።