ሳልመልሰው ያለፍኩት ሰላምታ

ሎሬታዬ፣

ነብራስካ ነኝ። የሣሩ ኮረብታ ማለቂያ የለውም፤ የቀድሞ ሰፋሪዎች ቤታቸው ፈርሶ የተከሉት ዛፍ ብቻ ቆሟል። እዚህ ሹፌር ሁሉ ሲተላለፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንስቶ ሰላም ይላል። እኔ ደክሞኝ ለአንድ ሽማግሌ ሳልመልስላቸው አለፍኩ። መኪናቸውን አዙረው፣ ተከትለው አስቆሙኝ፤ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰዋል።

«ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ! እርስዎስ ወዴት ነበሩ?»

«ልጄን ልድር። ግድ የለም፣ ትጠብቃለች። እዚህ ሰው ብርቅ ነው፤ መንገደኛም ቢሆን ዝም ብለን አናሳልፍም። በይ ተከተይኝ!»

የወረዳው ሰው ሁሉ ለሰርጉ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወንበር ተረፈ፤ ጉድ እኮ ነው! እኛ የምንኖርበት ሕንፃ ብቻ ከዚህ የበለጠ ሰው ይዟል።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ከቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩትንም ሴትዮ በር አንኳኪና ሰላም በይልኝ። ስማቸውንም ጠይቂልኝ፤ እስከዛሬ አላውቀውም።

ቨርና